በተላክሁ በሰባተኛው ወር ድንገት ወደ ሌላ አገር ተመደብኩ፤ ያለፋችሁበት አላችሁ?

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። 23 ዓመቴ ነው። ለሁለት ዓመት ሚሲዮናዊ ሆኜ ተልኬ ከአገሬ ወጥቼ ማገልገል ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ቋንቋ ብቻ ነበሩ፣ ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት የማወራው ሰው ፍለጋ። ገና አፌን መፍታት ስጀምር፣ የማስተምራቸው ሕፃናትም ሲለምዱኝ፣ ባለፈው ማክሰኞ አስተባባሪያችን ደውሎ የመኖሪያ ፈቃዴ እንደማይታደስ ነገረኝ። በ12 ቀን ውስጥ እወጣለሁ። የምሄደው ሌላ አገር፣ ሌላ ቋንቋ፣ የማላውቀው ቡድን ጋ። አብራኝ የምታገለግለው እህት የሌላ አገር ዜጋ ስለሆነች እሷን አልነኳትም፣ ትቀራለች።

ስልኩን ዘግቼ መጸለይ ነበረብኝ። እኔ ግን ሻንጣዬን በእርግጫ አልኩት (አውራ ጣቴ እስካሁን ያመኛል)። "ጌታ ወደዚህ አገር ጠርቶኛል" ብዬ ጉባኤ ፊት መስክሬ ነው የወጣሁት። ታዲያ ተሳስቼ ነበር? ለሚደግፉኝ ሰዎችስ ምን ብዬ ልጻፍ?

ጽኑ፦
እህቴ አይዞሽ። ጌታ አይሳሳትም፣ ሁሉ ለበጎ ነው። ደስ ብሎሽ ሂጂ። እስራኤልን 40 ዓመት በምድረ በዳ ያንከራተተው ማጉረምረም ነው።

ሁለት ጊዜ የተዛወረው፦
ጽኑ ወንድሜ፣ በቅን ልብ እንዳልከው አልጠራጠርም። ግን ስልኩ ከተደወለላት ሳምንት ላልሞላት ልጅ ይሄን ማለት ቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። ኤርምያስም ዳዊትም ከዚህ የባሰ ተናግረዋል፣ ያውም በጸሎት።

መንገደኛዋ፣ እኔ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ድንበሮች ሲዘጉ በሁለት ቀን ውስጥ ነው ያወጡን። "ለጥቂት ሳምንት ነው" ስላሉን ማንንም አልተሰናበትኩም። ልብሴ እንኳ ገመድ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ሌላ አገር መደቡኝ። አንድ ዓመት ሙሉ አፌ ላይ የነበረው "እዚያ እኮ እንዲህ ነበር የምናደርገው" የሚል ነበር። የአዲሱ ቡድን ልጆች ታግሰው ታግሰው አንድ ቀን አንዷ "ታዲያ ለምን እዚያው አትሄድም?" አለችኝ። ተቀየምኩ፣ ግን እውነቷን ነበር።

አንቺ 12 ቀን አለሽ። ብዙ ነው። ቤት ለቤት ሄደሽ ተሰናበቺ። ሕፃናቱ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከአንቺው አፍ ይስሙ፣ "ቶሎ እመለሳለሁ" ብለሽ ግን አታታልያቸው። ክፍሉን ለአገሩ ሰው አስረክቢ፣ ከተቻለ አንድ ሁለት ጊዜ እሱ ሲያስተምር አንቺ ኋላ ተቀመጪ። "በቱሪስት ቪዛ ትንሽ ልቆይ" የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ተዪው። ችግር ከመጣ አንቺ በአውሮፕላን ትወጫለሽ፣ ደብዳቤ ጽፋ የጋበዘችሽ ቤተ ክርስቲያን ግን እዚያው ነች።

የጢሮአዳው፦
ስለ ጥሪው ልመልስ፣ እኔንም ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀኝ ጥያቄ ስለነበር። ሐዋርያት ሥራ 16ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ጳውሎስ እስያ (ያኔ የአንድ አውራጃ ስም ነው) ሊሰብክ አሰበ፣ ተከለከለ። ቢታንያ ሊገባ ሞከረ፣ አልሆነም። ጢሮአዳ ወርዶ ነው "ወደ መቄዶንያ ተሻገር" የሚለውን ሰው በራእይ ያየው። ሰዎች የሚዘሉት ቀጥሎ ያለውን ነው። በራእዩ የታየው ወንድ ነው፣ የመቄዶንያዋ ፊልጵስዩስ ሲደርሱ መጀመሪያ ያገኙት ግን ወንዝ ዳር የተሰበሰቡ ሴቶችን፣ ከነሱም ልድያን። ከዚያ ደግሞ እስር ቤት። ራእይ ያየ ሰው እንኳ ዝርዝሩን አላወቀም።

ሚሲዮናዊው አዶኒራም ጃድሰንና ባለቤቱ አን እ.ኤ.አ. በ1812 ከአሜሪካ ሲነሱ መድረሻቸው ህንድ ነበር። ባንቺ ዕድሜ ነበሩ፣ እሱ 23 እሷ 22። መርከብ ላይ እያሉ ስለ ጥምቀት የነበራቸው አቋም ተለወጠ (ሕፃን ሳይሆን ያመነ ሰው ነው የሚጠመቀው ወደሚለው)፣ ስለዚህ ካልካታ ላይ ሲጠመቁ ከላካቸው ማኅበር ጋር ተለያዩ (አስቢው፣ ደጋፊ ሳይኖርሽ ውቅያኖስ ማዶ!)። ያኔ ህንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዞች የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ደግሞ ከአገሩ ውጡ አላቸው። በሞሪሽየስ አድርገው፣ ማድራስ ደርሰው፣ በ1813 ራንጉን፣ በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ገቡ። የመጀመሪያው የአገሩ ሰው የተጠመቀው በ1819 ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ በርማ ቋንቋ ተርጉሞ የጨረሰው ያው ህንድን የተከለከለው ሰው ነው። ግን እዚያ መንገድ ላይ፣ ባሕሩ ላይ፣ አን የመጀመሪያ ልጇን ሞቶ ወልዳዋለች። ይሄ ሳይነገር ታሪኩን "አየሽ፣ ለበጎ ሆነ" ብሎ መዝጋት እኔ አልችልም።

የላኪው ኮሚቴ፦
እኔ ከሚልኩት ወገን ነኝ፣ ስለ ደብዳቤው ልበል። አሳጥሪው። ምን እንደሆነ፣ ወዴት እንደምትሄጂ፣ ወጪው ምን ያህል እንደሚቀየር። በመንፈሳዊ ቃላት አትጠቅልዪው፣ ሰው ሲጠቀለልበት ይገባዋል። "ለዚህ አገር" ብሎ የሰጠ ሰው ካለ ገንዘቡ ይዛወር እንደሆነ ጠይቁት፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፣ ሳይነገራቸው ሲቀር ነው የሚከፋቸው። ፈቃዱ ለምን እንደተከለከለ ግን ፌስቡክ ላይ እንዳትጽፊ። እዚያ የሚቀሩ አማኞች አሉ።

መንገደኛዋ፦
ሁላችሁም ተባረኩ። ጽኑ፣ አንተም፣ አልተቀየምኩም።

ትናንት ለሕፃናቱ ነገርኳቸው። ቃል ስሳሳት ሁሌ የምታርመኝ የስድስት ዓመት ልጅ አለች። ዝም ብላ ሰማችኝና ደብተሬን ተቀበለች፤ መጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ የሁሉንም ስም ጻፈች። የአንዱን ስም አጥፍታ ሁለቴ ነው የጻፈችው፣ ፊደል ስለሳተች። ቤት ደርሼ አለቀስኩ፣ ግን የማክሰኞው ዓይነት አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ ይሄን ቋንቋ ገና ሳልጨርስ ሌላ ስጀምር አይምታታብኝም?

ሁለት ጊዜ የተዛወረው፦
ይምታታብሻል። እኔ ሁለት ወር ያህል "አመሰግናለሁ" ልል ስል የድሮው ነበር የሚወጣው። የሚገርመው አዲሶቹ ሰዎች ወደዱት፣ "እሱ ምን ማለት ነው?" እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፣ ወሬ መጀመሪያ ሆነኝ። ደብተሩን በእጅ ሻንጣ ያዢው፣ በትልቁ እንዳትልኪው።