«ቆሞ አየ» እና «ቆም ብሎ አየ»

ከደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሞችና እኅቶች። የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ጣርማ በርን፣ ያንን ገደላማ የተራራ መተላለፊያ፣ እያሰብሁ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጻፍሁና ልጆቹ ወደ አማርኛ እንዲመልሷቸው ሰጠኋቸው። አንዱ «ሺ ስቶፕድ ቱ ሉክ ዳውን አት ዘ ቫሊ» ይላል፤ ሌላው «ሂ ዎክድ ኦቨር ቱ ዘ ኤጅ ኤንድ ፒርድ ዳውን»። የመጣልኝ መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ «ሸለቆውን ወደ ታች ለማየት ቆመች» እና «ወደ ጠርዙ በላይ ተራመደና ወደ ታች አየ»። ሁለተኛው ስሕተት መሆኑ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ግን ሰዋስዉ አልተበላሸም፤ ሆኖም ጆሮዬ አልቀበልም አለ። ምኑ ላይ ነው ችግሩ?

ከአዲስ አበባ፣ የጅሩ ተወላጅ፦
«ለማየት» ላይ ነው። «ለማየት ቆመች» ስንል ሐሳቧን ተናገርን እንጂ ማየቷን አልተናገርንም። ቆማ፣ ሸለቆውን ጉም ሸፍኖት ሳታይ ብትቀርስ? ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቦታ ነው፤ ጣሊያን ከሠራው ዋሻ ወጥቶ ከፊቱ ነጭ ጉም ብቻ የጠበቀው መንገደኛ ብዙ ነው። እርግጥ እንግሊዝኛውም በቃል ደረጃ የሚናገረው ዓላማዋን ነው፤ አንባቢው ግን አይታለች ብሎ ያልፋል። በእኛ ዘንድ ይህን የሚሠራው ቦዝ አንቀጽ ነው፤ እንደ «ቆማ»፣ «ብላ» ያለ፣ ብቻውን ዓረፍተ ነገር የማይዘጋ ግስ ማለት ነው፦ «ቆም ብላ ሸለቆውን ቁልቁል ተመለከተች»። መቆሙን፣ መዞሩን፣ መጠጋቱን በቦዝ እንደረድርና ማየቱን ማሰሪያ አንቀጽ እናደርገዋለን። በእንግሊዝኛው ዋናው ግስ መቆሟ ነው፤ በአማርኛው ማየቷ።

ሁለተኛው ላይ «ኦቨር»ን «በላይ» ማለት አያዋጣም። ሰውየው በእርሱና በገደሉ አፋፍ መካከል ያለውን ጥቂት መሬት ማቋረጡን ነው የሚነግረን። ሊዮናርድ ታልሚ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልሳን ሊቅ ቋንቋዎችን በዚህ ጠባያቸው ለይተዋቸዋል። እንግሊዝኛን የመሰሉት ግሱን ለአካሄዱ ይሰጡታል፤ መራመድ ይሁን መሮጥ ወይም መንፏቀቅ። አቅጣጫውን ደግሞ ከግሱ ኋላ በትንንሽ ቃላት ያንጠለጥላሉ። ሴማዊ ቋንቋዎች ግን አቅጣጫውን ራሱን ግስ ያደርጉታል፦ ወጣ፣ ወረደ፣ ገባ፣ ተሻገረ፣ ተጠጋ። ስለዚህ «ወደ አፋፉ ጠጋ ብሎ ቁልቁል አተኩሮ ተመለከተ» ይበቃል። መራመዱን ማንሣት አያስፈልግም፤ ሰው ወደ ገደል የሚጠጋው በእግሩ ነው።

ከመሐል ሜዳ፦
የጅሩው ልጅ ነገሩን አፍታታው። እኔ የምጨምረው ስለ «ቆመ» ነው። «ቆሞ አየ» ቢባል ከአንዱ ቃል ሁለት ሰው ይወጣል፤ ሲሄድ ቆይቶ የቆመው፣ እና መጀመሪያውንም ሳይቀመጥ የቆየው። እንግሊዝኛ ለአንዱ «ስቶፕ»፣ ለሌላው «ስታንድ» አለው፤ ለአጭሩ ደግሞ «ፖዝ» ይላል። እኛ ያንኑ ቃል አለስልሰን «ቆም አለ» ስንል መንገዱ እንዳላለቀ፣ ሰውየው መሄዱ እንደማይቀር ይታወቃል። «ቁም!» የሚልህ ዘበኛ ነው፤ «እስቲ ቆም በል» የሚልህ ግን ዘመድ ነው።

ተማሪ የሚሰናከልበት ሌላው «ሉክ አፕ» ነው። የመንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ሰው ቢመጣበት ቀና ብሎ ያያል። ንስር ሲያንዣብብ ደግሞ እረኛው አንጋጦ ያያል። እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ሉክድ አፕ» ሊል ይችላል። ሁለቱንም «ወደ ላይ አየ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ጭላዳውን ሰማይ ያሳየዋል።

ከሸዋ ሮቢት፦
ጋሼ፣ ቃልን ከመዝገበ ቃላት መፈለግም እኮ «ሉክ አፕ» ነው። ተማሪ ሳለሁ «ቃሉን ወደ ላይ ተመለከተው» ብዬ ተርጉሜ መምህሬ በጣታቸው ጣሪያውን አሳዩኝ። አሁን ደግሞ «ግላንስ» አስቸግሮኛል። እስከ ዛሬ «ገረመመ» ስል ኖሬአለሁ።

ከአዲስ አበባ፣ የጅሩ ተወላጅ፦
«ገረመመ» ውስጥ ቁጣ ወይም ቅሬታ አለ፤ ሰው እንዲሁ በባዶ ሜዳ አይገረምምም። «በጨረፍታ አየ» በለው። «ግሊምፕስ» ከሆነ ግን «በጨረፍታ ታየው» ነው የሚሻለው። «አየ» ካልን ዓይኑን የወረወረው ሰውየው ነው፤ «ታየው» ካልን ነገሩ ራሱ መጣበት። ይህቺን ልዩነት እንግሊዝኛ በሁለት የተለያዩ ቃላት ይገልጻታል፤ እኛ በግሱ እርባታ እንጨርሳታለን።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙበትም አለ። «ሃቭ ኤ ሉክ» የሚሉት የእኛ «አየት ማድረግ» ነው። እነርሱ ማየትን ስም አድርገው ለሌላ ግስ አሸከሙት፤ እኛም «አየት» ብለን «አደረገ»ን አሸከምነው። በሁለቱም ነገሩ ቀለል ይላል፣ ጊዜም የሚፈጅ አይመስልም።

ከደብረ ብርሃን፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ክፍል ገብቼ «ሺ ስቶፕድ ሉኪንግ» የሚለውንም ከጎን ጻፍሁላቸው። «ማየቷን ተወች» ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ የቀሩት ከመጀመሪያው ጋር አንድ አደረጉት። ስለ «ቆም ብላ» ካስረዳሁ በኋላ ግን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ለሁለተኛው ዘንበል ብሎ ብንልስ? ገደል አፋፍ ላይ ማን ቀጥ ብሎ ቆሞ ቁልቁል ያያል?» አለችኝ። ጣርማ በር ላይ ከአውቶቡስ ወርዳ ታውቃለች መሰለኝ። እንግሊዝኛው ውስጥ ግን ዘንበል ማለት የለም። ልቀበላት ወይስ ልሰርዘው?

ከመሐል ሜዳ፦
ከሌለማ ሰርዢው፣ ልጄ። ማርኩን ግን አትንፈጊያት።