ሁለት ኮምቢ ገጥሞኛል፦ አንዱ ማንዋል መሪ፣ አንዱ ፓወር። የቱን ልያዝ?

አናጺው፦

ሰላም ወገን። እንጨት ሠሪ ነኝ። ቁም ሳጥንና ጠረጴዛ እየሠራሁ ደንበኛ ቤት ድረስ አደርሳለሁ፤ እስካሁን መኪና እየተከራየሁ ነበር። በቃኝ ብዬ የራሴን ልገዛ ተነሥቼ ሁለት ቮልስዋገን ኮምቢ ላይ ደርሻለሁ። ሁለቱም ቲ3 የሚባሉት፣ ሞተራቸው ከኋላ የሆነ፣ በፈረንጅ 1980ዎቹ የተሠሩ ናቸው። አንዱ ማንዋል መሪ ነው፣ በክንድ ብቻ የሚዞር፤ አንዱ ፓወር፣ ከፓምፕ የሚመጣ ዘይት የሚያግዘው።

የማንዋሉ ቦዲ ንጹሕ ነው። ምንጣፉን ገልጬ ወለሉን በመዶሻ እጀታ እየኳኳሁ አዳምጬዋለሁ፤ የትም ቦታ ድምፁ አልሞተም። ባለ ፓወሩ ከበሩ ሥር ዝጓል፤ ባደረበት ቦታም ከፊት ጎማዎቹ መካከል ቀላ ያለ ዘይት ተንጠባጥቦ አገኘሁ። ሻጩ "ይቺማ ምንም አይደለች፣ ካስጠላህ የፓምፑን ቺንጋ ፈትተህ እንደ ማንዋል ንዳው" አለኝ። እውነት ይሆናል?

ነገሩ ይኼ ብቻ ቢሆን ማንዋሉን ይዤ እሄድ ነበር። ግን ከአራት ዓመት በፊት ከመሰላል ወድቄ ቀኝ ትከሻዬ ወልቆ ነበር። ገብቷል፣ ድኗል፣ መጋዝ እይዝበታለሁ፤ ክንዴን ከፍ አድርጌ በኃይል ስገፋ ግን ያስታውሰኛል። ማንዋሉን ስሞክረው መንገድ ከያዘ በኋላ ምንም አልከበደኝም፣ እንዲያውም ወድጄው ነበር። ለማቆም ሳዞረው ግን የዛገ ዳዶ የምፈታ መሰለኝ። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ወደ ፊት ብዬ ስጨርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

ደግሞ ግማሹን ዕቃ የምታደርሰው ባለቤቴ ናት፤ ቁመቷ አጠር ያለ ነው። "እኔ ሳልነዳው አትግዛ" ብላኛለች። እሷን ከመውሰዴ በፊት እናንተን ልጠይቅ፦ ማንዋል መሪ ያለው የድሮ ቫን ሁሌም እንዲህ ነው ወይስ ይኼኛው ታሟል? ማንዋሉን ገዝቼ በኋላ ፓወር ላስገባለትስ እችላለሁ?

ጥቁር_እጅ፦

ወንድሜ፣ የከበደህ መሪው ራሱ መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጥ። ሠላሳ ዓመት መኪና ሥር ተኝቻለሁ፤ "መሪው ከበደ" ብለው ከመጡልኝ ብዙዎቹን የሸኘኋቸው ጎማ ነፍቼ ነው።

የፊት ጎማዎቹን ነፋስ ለካ። በሩ ጠርዝ ላይ ወይም መመሪያው ላይ የተጻፈውን አይተህ እዚያ አድርስ። የሟሸሸ ጎማ መሬቱን በሰፊው ይይዛል፤ ቆሞ ሲዞር አስፋልቱን እንደ ላጲስ ይፈገፍገዋል፣ ያን ሁሉ ፍትጊያ የምታሸንፈው በክንድህ ነው። ቀጥሎ ከፊት በኩል አንሣውና በጠንካራ ስታንድ ላይ አሳርፈው፤ ጃክ ብቻውን አይታመንም። ጎማዎቹ አየር ላይ እያሉ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙር። ክብደት የለበትምና በአንድ እጅ፣ የትም ሳይነክስ መዞር አለበት። አየር ላይም ከከበደ በሽታው ውስጥ ነው፦ የደረቀ ቦል ጆይንት፣ ከመሪው ወደ ታች የሚወርደው ዘንግ መጋጠሚያ፣ ወይም ደግሞ አንዱ ብልጥ የመሪውን ልልነት ላጥፋ ብሎ ራኩን፣ ማለትም የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ጥርሳም ዘንግ፣ ከልክ በላይ አጥብቆታል። ይኼ የመጨረሻው ክፉ ነው፤ ኩርባ ከጨረስክ በኋላ መሪው በራሱ አይመለስልህም። አየር ላይ ቀልሎ መሬት ላይ ብቻ ከከበደ ግን ጤነኛ ነው። ማንዋል እንዲያ ነው።

ሻጩ ያለህን እርሳው። ቺንጋው የተፈታ ፓወር ማንዋል አይሆንም። ማንዋል ራክ ሲሠራ ለክንድ ታስቦ ነው፤ ብዙ ዙር ታዞራለህ፣ ጎማው ትንሽ ትንሽ ይሄዳል፣ ስለዚህ ይቀልልሃል። ፓወሩ ዘይቱ ያግዘዋል ተብሎ በጥቂት ዙር ጥግ እንዲደርስ ነው የተሠራው። እገዛውን ስታነሣበት ክብደቱ ሁሉ አንተ ላይ ይወድቃል፤ ያውም በውስጡ የቀረውን ዘይት ከወዲያ ወዲህ በክንድህ እየገፋህ። ዘይቱ ፈስሶ ካለቀ ደግሞ በባዶው ሲሠራ ጎሚኒዎቹን ይበላቸዋል። መንገድ ላይ ቺንጋ ቢበጠስብህ ወይም ሞተር ቢጠፋብህ መሪው አሁንም ይሠራልና መኪናውን ዳር ታወጣለህ። ለዕለት ኑሮ ግን አይሆንም።

ቶሎ_በል፦

ፓወሩን ግዛ። ዝገት ይበየዳል፣ ዘይት ይሞላል፤ ትከሻ መለዋወጫ የለውም።

ሰማያዊ_ኮምቢ፦

ቶሎ በል፣ ስለ ትከሻው እውነትህን ነው። ዝገት ይበየዳል ያልከው ግን ስንት ጊዜ አስበይደህ ነው? እኔ አንዴ አስበይጄ ብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ደግሞ ወንፊት ሆኖ ተገኘ፤ አንዱን ሲነኩት ሌላው እየተከተለ ሁለት ወር ጋራዥ ቆመ።

አናጺው፣ እኔ ማንዋል ኮምቢ ዘጠኝ ዓመት ነዳሁ። ሴት ነኝ፣ ቁመቴም ረጅም አይደለም። ክንድ አይደለም የሚያስፈልገው፣ ጊዜውን ማወቅ ነው። መኪናው ቆሞ መሪ አይዞርም፤ ይህን ብቻ ያዝ። ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ ልቀቅና ጎማው መንከባለል ሲጀምር፣ የሕፃን እርምጃ ያህል እንኳ ቢሆን፣ ያኔ አዙር። ልዩነቱን ታየዋለህ። ፍሬን ረግጠህ ማዞር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የታሰረ ጎማ ባለበት ይፋተጋል፣ የተለቀቀ ጎማ ግን ሲዞር ትንሽ ይንከባለላል። ሜዳ ላይ ከሆንክ እግርህን ከፍሬኑ አንሣ።

የአንተን ትከሻ በተመለከተ፦ አትግፋ፣ ሳብ። የኮምቢ መሪ እንደ አውቶቡስ ጋደም ያለ ነው፤ ሰው ሳያስበው ክንዱን ዘርግቶ ከላይ መግፋት ይጀምራል። ወንበሩን ቀረብ አድርግና ክርንህ ታጥፎ ወደ ራስህ ሳበው፤ አንዱ እጅ ስቦ ሲጨርስ ሌላው ይቀበል። ባለቤትህም ወንበሩን አቅርባ ትሞክረው፣ ምናልባት የአንተ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትዘረጋ ነው የሚከብዳት። አንድ ሌላ ነገር፦ አውራ ጣታችሁን ከመሪው ክብ ውስጥ አውጡ። በማንዋል ጎማው ጉድጓድ ሲመታ መሪው ይመታችኋል፤ የእኔ አውራ ጣት ሳምንት ሙሉ አብጦ ነው የተማርኩት።

ማንዋሉ ላይ የተገጠመው መሪ የፋብሪካው ነው ወይስ አንድ ጎረምሳ ያስገባው ትንሽ የእሽቅድምድም መሪ? ክቡ ባነሰ ቁጥር ይከብዳል። እኔ ራሴ ያምራል ብዬ ሰፋፊ ጎማ አስገብቼ ስድስት ወር ሳይሞላ የድሮውን መልሻለሁ። ቆማ ስትታይ ታምር ነበር፣ ላቆማት ስል ግን ታስለቅሰኝ ነበር።

አልዋሽህም ግን፣ ሙሉ ጭነት ይዤ ዳገት ላይ በጠባብ ቦታ ያቆምኩባቸው ቀናት ፈጣሪዬን አማርሬያለሁ።

ሽቦ_ሰው፦

ሦስተኛ መንገድ አለ። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ መሪ ካላቸው ትንንሽ መኪኖች፣ ለምሳሌ ከኦፔል ኮርሳ፣ ሞተሩ ያለበትን የመሪ ዘንግ አውጥተው ድሮ መኪና ላይ የሚገጥሙ አሉ። ዘይት የለው፣ ቱቦ የለው፣ ፓምፕ የለው። ኮምፒውተሩ የፍጥነት መረጃ ሲያጣ የሚሰጠውን እገዛ በአንዲት ትንሽ ማስተካከያ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ጓደኛዬ አስገብቶ በአንድ ጣት ያዞራል።

ሁለት ነገር ግን ልንገርህ። ቆሞ ሲዞር ብዙ አምፔር ይስባል፤ የድሮ ዲናሞና የደከመ ባትሪ አይችሉትም፣ ወፍራም ገመድና የራሱ ፊውዝ ይፈልጋል። ሌላው፣ ከኮምቢው ጋር እንዲጋጠም የመሪ ዘንግ ተቆርጦ መበየድ አለበት። እኔ ሽቦ ስነካ እጄ አይንቀጠቀጥም፤ የመሪ ዘንግ ግን አልበይድም። ይህን የለመደ ሰው ይሥራው፣ ምርመራና ኢንሹራንስ እንደሚቀበሉትም ከመቁረጥህ በፊት ጠይቅ።

ጥቁር_እጅ፦

ሽቦ ሰው የመጨረሻዋ አረፍተ ነገርህ ወርቅ ናት።

አናጺው፣ ፓወር በኋላ ማስገባት ላልከው፦ ይቻላል፣ ፋብሪካው ራሱ በሁለቱም ዓይነት ይሸጠው ስለነበር ሁሉም ዕቃ አለ። ግን ሥራው ትንሽ አይደለም። በቲ3 ሞተሩ ከኋላ፣ መሪው ከፊት ነው፤ ፓምፑ ሞተሩ ጋ ስለሚሆን ዘይቱ በመኪናው ሆድ ሥር በቱቦ ርዝመቱን ሙሉ ሄዶ ይመለሳል። ስለዚህ ራኩ፣ ፓምፑ፣ ፓምፑ የሚታሰርበት ብረት፣ ፑሊው፣ የዘይት ማጠራቀሚያው፣ ቱቦዎቹ፣ ሁሉም ያስፈልግሃል። ከአንድ የተበተነ መኪና ሙሉውን ካላገኘህ አትጀምረው። አንዱን ዛሬ፣ አንዱን በሚቀጥለው ወር እያሉ የሰበሰቡ ሰዎች አንዲት ቡሎን አጥተው ዓመት ሲቆሙ አይቻለሁ።

ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር የሆነ ቫን ቢሆን ኖሮ አልከራከርህም፣ ፓወሩን ውሰድ እልህ ነበር። የኮምቢ አፍንጫ ግን ቀላል ነው፣ ብዙዎቹ ያለ ፓወር የተሸጡትም ለዚህ ነው። ፋብሪካው ሞተሩን ወደ ፊት ያመጣው በፈረንጅ 1990 በተተኪው ቲ4 ላይ ነው። እንጨትህን ስትጭን ከባዱን ከወንበሩ ጀርባ ብቻ አትከምረው፤ ሁሉንም ኋላ በር ላይም አታድርገው፣ ፊቱ ሲቀልል በፍጥነት ስትሄድ መሪው ይንሳፈፍብሃል። መሃል ላይ አድርገው።

ድሮ ሁሉም በክንዱ ነው የነዳው። ክራይስለር በፈረንጅ 1951 ኢምፔሪያል በሚባለው መኪናው ላይ አድርጎ እስኪሸጥ ድረስ ፓወር መሪ የቤት መኪና ገዢ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የጥንት የጭነት መኪና መሪ እንደ ሰፌድ የሰፋው ለጌጥ መሰለህ?

ባለ ፓወሩን ግን ሳታየው አትለፍ። ሥሩ ግባና በራኩ ግራና ቀኝ ያሉትን እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፉ የላስቲክ ሽፋኖች ጭመቅ። ደረቅ ከሆኑና ዘይቱ ከቱቦ ማሰሪያ ከሆነ ትንሽ ወጪ ነው፣ ግዛው። ላስቲኩ ውስጥ ዘይት ካለ የራኩ ጎሚኒ አልቋል። ከዚያ ቱቦዎቹን ከፊት እስከ ኋላ በእጅህ ዳብስ፤ ከወለሉ ጋር የሚያያዙበት ቦታ ውሃ ስለሚይዝ መጀመሪያ የሚዝጉት እዚያ ነው። ሞተሩን አስነሥተህ መሪውን ጥግ ስታደርሰው ትንሽ ቢያቃስት ደንብ ነው፤ ጥግ ላይ ግን ብዙ ሴኮንድ አታቆየው፣ ፓምፑ ይቃጠላል። መሃል ላይም የሚያጉረመርም ከሆነ ዘይት ጎድሎታል ወይ አየር ገብቶበታል። ማጠራቀሚያውን ክፈት፤ አረፋ ካየህ አየር ነው።

አናጺው፦

ይቅርታ ዘገየሁ። ባለቤቴን ይዤ ሁለቱንም አየናቸው።

ጋሼ ጥቁር እጅ፣ ማንዋሉ የፊት ጎማዎቹ አንዱ 1.6 ባር፣ አንዱ 1.7 ነበሩ። በሩ ላይ የተለጠፈው ከዚያ ብዙ ከፍ ያለ ነው። ነፋን። አነሣነው፤ አየር ላይ በአንድ እጅ ቀጥ ብሎ ዞረ፣ የትም አልነከሰም። መሪውም የፋብሪካው ነው። አወረድነውና ሞከርኩት፣ ሌላ መኪና የነዳሁ መሰለኝ። አልቀለለም፣ ግን የዛገ ዳዶ መሆኑ ቀርቷል። ሰማያዊ ኮምቢ፣ እያንከባለሉ ማዞሩን ለመልመድ አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ያን ጊዜ ሁሉ ቆሜ ነበር ሳዞር የነበረው ለካ። ሜዳ ላይ ትከሻዬ ምንም አላለኝም። ዳገት ላይ በኋላ ማርሽ ለሦስተኛ ጊዜ ሳስገባው ግን ተናገረ።

ባለ ፓወሩን ስነዳው ልቤ ሄዶ ነበር፣ እውነቱን ልናገር። በሁለት ጣት ነው የሚያዞሩት። ከዚያ ሥሩ ገባሁ። የግራውን ላስቲክ ስጨምቀው እንደ ስፖንጅ ዘይት ተፋብኝ፣ እጅጌዬ ላይ ወረደ። የቀኙ ደረቅ ነው። ቱቦዎቹን ስዳብስ ከመሃል ላይ አንዱ ማሰሪያ አጠገብ ጣቴ ላይ ቅርፊት ይዞ መጣ። ሻጩን ስነግረው "እሱማ ከገዛኸው በኋላ ታሠራዋለህ" አለኝ። ራክ፣ ቱቦ፣ የበር ሥር ብየዳ፤ ጋራዥ ገብቶ የሚቆይበትን ጊዜ ሳስብ ተውኩት።

ባለቤቴ ማንዋሉ ላይ ወንበሩን እስከ መጨረሻው አስጠግታ፣ ከእኔ በተሻለ፣ በሁለት ምት ዳገት ላይ አቆመችው። ወርዳ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ማቆሙ የእኔ፣ ማውረዱ የአንተ" አለች። ቁም ሳጥን ማውረድ ለትከሻ ከመሪ ይሻላል ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ማንዋሉን ይዘናል። ተበትኖ የሚሸጥ ባለ ፓወር ካያችሁ ግን ጥሩኝ፣ ሙሉውን ከሆነ ብቻ።

ጥቁር_እጅ፦

እንኳን ደስ ያላችሁ። ቁም ሳጥኑን በጋሪ አውርድ። ነፋሱን በወር አንዴ ለካ፣ ባለቤትህ ሳትነግርህ።