ለጀማሪዎች የምርት ልማት ማስተማሪያ መረጣ፦ የጋራ ሐሳባችንን እንቅረጽ

ጸሐፊ፦
ለጉባኤው የሚቀርበው ረቂቅ ይኸው፦ «ማኅበሩ ለጀማሪ አባላት የታመኑ የምርት ልማት ማስተማሪያዎችን ዝርዝር ያዘጋጃል።» የምርት ልማት ማለት ለተጠቃሚ የሚሆን ነገር አስቦ፣ ፈትሾና ሠርቶ ማውጣት ነው። አባላት የላካችሁልኝ ሊንክ መዓት ነው። ማን አመናቸው፣ በምን መስፈርት የሚለው ግን ባዶ ነው። እንሙላው።

አዲስ አባል፦
ዝርዝሩ ከሚዘጋጅላቸው አንዷ ነኝ። መዓቱን ትታችሁ ሁለት ሦስት ብታሳዩኝ ይሻለኛል። አንዱ ከተጠቃሚ ጋር አውሪ ይላል፣ ሌላው የሥራ ሰሌዳ አሞላል ያሳያል፣ ሦስተኛው በጥቂት ሳምንት የምርት ሥራ አስኪያጅ አደርግሻለሁ ይላል። ሁሉም የሚናገሩት በልበ ሙሉነት ነው፤ የሚያውቀውን ከማያውቀው በምን ልለይ?

ከሥልጠና ክፍል፦
እኔ መጀመሪያ የማየው ትምህርቱ ከየት እንደሚነሣ ነው። ከስፕሪንትና ከቲኬት (ከአጭር የሥራ ዙርና ከተግባር መመዝገቢያ ካርድ) ከጀመረ አልፈዋለሁ። ማን በምን ተቸግሯል ከሚለው መነሣት አለበት። ጥሩ ማስተማሪያ ተማሪውን ቶሎ ሰው ዘንድ ይልከዋል፤ ያውም «ይህን ብሠራ ትገዛለህ?» ብለህ እንዳትጠይቅ ብሎ አስጠንቅቆ። ሰው ይሉኝታ ይዞት «አዎ» ይላላ! «ባለፈው ይህ ሲገጥምህ ምን አደረግህ? አሁንስ በምን ትወጣዋለህ?» ማለትን ካላስተማረ ሌላው ቢያምር ምን ያደርጋል።

ቀጥሎ ዘመኑን አያለሁ። የስክረም (ቡድን ሥራውን በአጭር ዙር እየከፋፈለ የሚሠራበት ዘዴ) መመሪያ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ በ2020 ተሻሽሏል፣ በነጻ ይነበባል። በዕለታዊው ስብሰባ «ትናንት ምን ሠራሁ፣ ዛሬ ምን እሠራለሁ፣ ምን እንቅፋት አለብኝ» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ከ2020ው ወጥተዋል። ዛሬም «መመሪያው ያዛል» የሚል አስተማሪ ካገኛችሁ ምንጩን ከፍቶ አላየም ማለት ነው። (ጥያቄዎቹን መጠቀም ነውር የለውም፤ ስህተቱ ያዛል ማለቱ ላይ ነው።)

ገንዘብ ያዥ፦
ታዲያ የቆየ ሁሉ ሊጣል ነው? የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤም አይ ቲ በነጻ ከለቀቃቸው ኮርሶች ውስጥ የምርት ዲዛይንና ልማት የሚል እ.ኤ.አ. የ2006 ኮርስ አለ። የደንበኛን ፍላጎት ማሰባሰብ፣ ከብዙ ሐሳብ አንዱን መምረጥ፣ ናሙና ሠርቶ መፈተሽ፤ ይህ ምኑ ያረጃል? ምዝገባም አይጠይቅ። ደግሞ አደራ፣ የሰርተፊኬት ድጎማ የምትል ነገር እንዳትገባ።

ከሥልጠና ክፍል፦
ልክ ብለሃል። ቀኑ የሚታየው ለአሠራር መመሪያ ብቻ ይሁን። በዚያው ላይ፣ ያልተሳካ ምርት አንስቶ ለምን እንደወደቀ የማይተነትን ማስተማሪያ እኔ አላምንም።

ሌላ አባል፦
የምታወሩት በአብዛኛው ስለ ሶፍትዌር ነው። የሚጨበጥ ዕቃ የምንሠራም አለን! የሶፍትዌር ስህተት ነገ በማሻሻያ ይታረማል፤ የፕላስቲክ ሻጋታ አንዴ ከተቀረጸ ግን ማስተካከሉ ውድ ነው፣ አንዳንዴም እንደገና ማሠራት ነው። «ቶሎ ልቀቅ፣ ኋላ ታስተካክላለህ» የሚለው ምክር እኛን ያከስረናል። ዝርዝሩ ለሁለት ይከፈል።

ጸሐፊ፦
ተቀብያለሁ። እንዲህ ብጽፈውስ?

«ማኅበሩ ቢበዛ ስድስት ማስተማሪያዎች ይመርጣል፤ ሦስት ለሶፍትዌር፣ ሦስት ለሚጨበጥ ምርት። እያንዳንዱን ቢያንስ አንድ አባል እስከ መጨረሻው ተከታትሎ ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን በራሱ ቃል ይጽፋል። ስለ አሠራር መመሪያ የሚያስተምር ከሆነ ከምንጩ ጋር ይመሳከራል። ዝርዝሩ በየዓመቱ ይከለሳል።»

ድጎማ የለበትም፤ ገንዘብ ያዣችን ይረጋጋ።

አዲስ አባል፦
ከገምጋሚዎቹ አንዱ ጀማሪ ይሁን። ልምድ ያለው ሰው ትምህርቱ የዘለለውን ሳይታወቀው በራሱ ይሞላዋል፤ እዚያው ላይ ነው እኛ የምንቆመው።

ጸሐፊ፦
ገብቷል፤ «ቢያንስ አንድ አባል» የሚለው «አንድ ልምድ ያለውና አንድ ጀማሪ አባል» ሆኗል። የኤም አይ ቲውን አንቺ ከገንዘብ ያዥ ጋር ያዢው። ሻጋታ ያነሣኸውም ለሚጨበጥ ምርት ዕጩዎችህን ላክልኝ፤ እስካሁን በዚያ በኩል ያለን የኤም አይ ቲው ብቻ ነው።