የራስን መከራ ይዞ ፓርላማ መቆም ተገቢ ነው?

የጉለሌዋ፦
ዛሬ የኒውዚላንዷን ጆርጂና ባየርን ላንሳ። በ1957 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ዌሊንግተን ተወለደች፤ የማኦሪ (የአገሬው ነባር ሕዝብ) ዘር ነበራት። ወንድ ተብላ አድጋ ሴት ሆና ኖረች። ትራንስጀንደር ነበረች። በወጣትነቷ ጎዳና ላይ ገላዋን ሸጣ ነው የኖረችው። ሲድኒ ውስጥ ወንዶች ተሰብስበው ደፈሯት። ይህች ሴት በ1995 የካርተርተን ከንቲባ፣ በ1999 የፓርላማ አባል ሆነች። ትራንስጀንደር መሆኗን ሳትደብቅ ፓርላማ የገባች በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። በ2003 የወሲብ ሥራን ከወንጀልነት የሚያወጣ ሕግ ሲቀርብ ቆማ የራሷን ሕይወት ተናገረች። 60 ለ59 አለፈ፤ አንድ ድምፅ ተአቅቦ። ተገቢ ነበር ወይ? እኔ ነበር ባይ ነኝ።

የሕግ ተማሪው፦
እህቴ፣ በደረሰባት አዝናለሁ። ግን ሕግ በእንባ አይወጣም። ነገ ልጇን ደላላ የሸጠባት እናት መጥታ ተቃራኒውን ብትለምንስ? የማንን ቁስል ከማን እናስበልጣለን? የተቃወሙት 59ኙም ሕሊና አላቸው።

የጉለሌዋ፦
ወንድሜ፣ እዘኑልኝ መች አለች? ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር ኖሮ ለባለሥልጣን አቤት እል ነበር ነው ያለችው። ይሄ እንባ አይደለም፤ ምስክርነት ነው። ከሕጉ በፊትም በዚያ አገር ገላ መሸጥ ራሱ ወንጀል አልነበረም። ወንጀሉ ደንበኛ መጥራት ነበር። እሷ ትከሰሳለች፣ ገዢው በሰላም ቤቱ ይገባል። በ2014 አንዲት የወሲብ ሠራተኛ ወሲባዊ ትንኮሳ ያደረሰባትን አሠሪዋን ከስሳ 25 ሺህ የኒውዚላንድ ዶላር ካሳ ተፈረደላት። ድሮ ማን ይሰማት ነበር?

ከጂዳ ተመላሽ፦
እኔ ይሄን በደንብ አውቀዋለሁ። ከአሠሪዬ ቤት ጠፍቼ በወጣሁ ጊዜ የሰባት ወር ደሞዜ እዚያው ቀረ። ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) እነሱ እጅ ነበር። ፖሊስ ጣቢያው ከማድርበት ቤት ፊት ለፊት ነው። በመስኮት እያየሁት አንድም ቀን አልገባሁም። ብገባ የምታሰረው እኔ ነኛ! ግን የጉለሌዋ፣ አንድ ነገር ዘለልሽ። የዚያው ሕግ አንቀጽ 19 በጊዜያዊ ቪዛ ያሉትን ከዚህ ሥራ ይከለክላል። ስደተኛዋ ብትደበደብ ለማን ትናገር?

የሕግ ተማሪው፦
እሱማ የሰው ንግድን ለመከላከል ነው የገባው። ይሄ ፍርሃት ተገቢ ነው፤ አልለቀውም። አንድ ነገር ግን ልመን። ለፓርላማ የመረጣት ዋይራራፓ የበግ አርቢ ገበሬ አገር ነው፣ ወግ አጥባቂ። ተፎካካሪዋን ጋዜጠኛውን ፖል ሄንሪን ትተው፣ ያለፈ ሕይወቷን እያወቁ እሷን መረጡ። ከንቲባ ሆና ሥራዋን ስላዩ ይመስለኛል።

የጉለሌዋ፦
አንቀጽ 19ን መዝለሌ ልክ አልነበረም። የጂዳዋ እህቴ፣ ያ መስኮት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። የሕግ ተማሪው፣ የሰው ነጋዴውን ፈርተን ሴትየዋን ከፖሊስ ብናሸሻት የሚጠቀመው ማን ነው? ይህቺን መልስልኝ።