የቅጣት መክበድ ወይስ የመያዝ እርግጠኝነት? በስርቆት፣ በግድያና በሽብር ወንጀል ላይ የተደረገ ክርክር

ጉዳዩን ያነሣው፦
ወንጀል በበረከተ ቁጥር ከሕዝብ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ቅጣቱ ይክበድ» የሚል ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ከሚሉት አንዱ ነበርሁ። አሁን ግን አቋሜን ለውጫለሁ፤ የለወጥሁበትንም ምክንያት ለክርክር አቀርባለሁ። ሰውን ከወንጀል የሚገታው ቢያዝ የሚጠብቀው የዓመት ብዛት ሳይሆን እንደሚያዝ ማመኑ ነው እላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 ስለ ወንጀልና ስለ ቅጣት ሲጽፍ፣ ቀላል ሆኖ የማይቀር ቅጣት፣ ከባድ ሆኖ ሊያመልጡት ከሚችሉት ቅጣት ይልቅ ልብ ውስጥ እንደሚቀር አስረድቷል። ይህን ከምንም በላይ የሚያሳየው የእንግሊዝ ታሪክ ይመስለኛል። በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ በዚያች አገር ሞት የሚያስፈርዱ ወንጀሎች ከ200 በላይ ነበሩ፤ ከሱቅ አምስት ሺሊንግ የሚያወጣ ዕቃ ደብቆ የወጣ ሰው በስቅላት ሊሞት ይችል ነበር። ነገር ግን በዳኝነት የሚቀመጡት ተራ ዜጎች ፊታቸው የቆመውን ሰው ስለ አንድ ጥቅል ጨርቅ ብለው ወደ ገመድ መላክ ከበዳቸው። ከመኖሪያ ቤት ለሚሰረቅ ንብረት የሞት ፍርድ የሚጀምረው ከ40 ሺሊንግ ስለነበር፣ የዕቃው ዋጋ ከዚያ እንደሚበልጥ እያወቁ «39 ሺሊንግ ነው» ብለው ይወስኑ ነበር። በ1830 ደግሞ የባንክ ባለቤቶች ራሳቸው፣ በሐሰተኛ ሰነድ የሚዘረፉት እነርሱ ሆነው ሳለ፣ በዚህ ወንጀል ላይ የተደነገገው የሞት ቅጣት እንዲነሣ ለፓርላማ አቤቱታ አቀረቡ። ቅጣቱ ከመክበዱ የተነሣ የሚከስ፣ የሚመሰክርና የሚፈርድ ሰው እየጠፋ አጭበርባሪው በነፃ ይሄድባቸው ነበርና። እንዲህ ያለ ሕግ ለተበዳዩ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የሕግ መምህሩ፦
የእርስዎን ታሪክ አልክድም፤ ግን ከእርሱ ያወጡት ድምዳሜ ሰፍቶብኛል። የእንግሊዙ ሕግ የወደቀው ከልክ በላይ ስለ ከበደ ነው እንጂ ክብደት በራሱ ዋጋ ስለሌለው አይደለም። ሁለት ማስረጃ ላቅርብ።

በሐምሌ 2006 ጣሊያን ማረሚያ ቤቶቿ ከመጠን በላይ ስለሞሉ በአንድ ሕግ ከቀሪ ቅጣታቸው እስከ ሦስት ዓመት በምሕረት ቀንሳ ከ20,000 የሚበልጡ እስረኞችን ለቀቀች። ሕጉ አንድ ሁኔታ ነበረበት፤ የተለቀቀው ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ እንደገና ወንጀል ፈጽሞ ቢፈረድበት፣ በምሕረት የተቀነሰለት ጊዜ በአዲሱ ቅጣት ላይ ይታከልበታል። ስለዚህ በአንድ ቀን ከአንድ በር ከወጡት ሰዎች መካከል አንዱን ሁለት ወር፣ ሌላውን ሠላሳ ወር ይጠብቀው ነበር። ጉዳዩን ያጠኑት የምጣኔ ሀብት ምሁራን የሚጠብቀው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ሰውየው ወደ ወንጀል የመመለሱ ዕድል እየቀነሰ መሄዱን አገኙ። ይህ ክብደት ራሱ እንደሚገታ የሚያሳይ ንጹሕ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው በአሜሪካዋ ከተማ በፊላደልፊያ የተደረገው ጥናት ነው። የወንጀል ጥናት ምሁሩ ማርቪን ቮልፍጋንግና ባልደረቦቹ በ1945 ተወልደው በዚያች ከተማ ያደጉ 9,945 ወንዶች ልጆችን መዝገብ ተከታትለው ነበር። ከእነዚህ 627ቱ፣ ማለትም ከመቶ ስድስት የሚሆኑት ብቻ፣ ከተመዘገበው ጥፋት ሁሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ፈጽመዋል። እነዚህን ጥቂቶች ለረጅም ጊዜ ለይቶ ማስቀመጥ ብዙ ተበዳይ ያድናል። እዚህ ላይ የታሰረው ሰው መፍራት አለመፍራቱ ቁም ነገር አይደለም፤ ከግንብ ውስጥ ሆኖ የሰው ቤት አይሰብርም።

ጡረታ የወጣው መርማሪ፦
እኔ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሥራዬ ልናገር። አንድ ጊዜ በአንድ ሌሊት ሦስት ቤት ተሰብሮ ተመደብሁ። በመጀመሪያው ቤት የመስኮት እንጨት ላይ የመክፈቻው ብረት ያረፈበት ጎድጓዳ ምልክት ነበር፤ ጠጋ ብዬ በባትሪ ሳየው በግራው ጠርዝ በኩል ስንጥር የምታህል ሽራፊ አየሁ። ያቺው ሽራፊ በሁለተኛውም በሦስተኛውም መስኮት ላይ ታትማለች። ከሳምንታት በኋላ ብረቱ ከአንድ ወጣት ቦርሳ ተገኘ። ቃሉን ስቀበል ይህ ወንጀል ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አያውቅም። ውሻ ያለበትን ቤት፣ መብራቱ የሚያድርበትን ቤት፣ ከጎረቤት መስኮት የሚታየውን በር ግን አንድ በአንድ ቆጠረልኝ።

ምሁራኑ ሎውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን በ1979 የጻፉትን ሳነብ ያንን ልጅ አስታወስሁ። ስርቆት እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታና ሰዓት መገናኘት አለባቸው ይላሉ፤ የተነሣሣ ሰው፣ ለመወሰድ የሚመች ነገርና የጠባቂ አለመኖር። የሕግ አንቀጽ ከሦስቱ ውስጥ የለም።

የመያዝ ፍርሃት ሲነሣ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ የካናዳዋን ከተማ ሞንትሪያልን መመልከት ይበቃል። ጥቅምት 7 ቀን 1969 የከተማዋ ፖሊሶች ሥራ አቆሙ። እኩለ ቀን ሳይደርስ የመጀመሪያው ባንክ ተዘረፈ፤ ቀኑ ሲያልቅ የተዘረፉት ባንኮች ስድስት ደርሰው ነበር፤ ማታ ደግሞ የሱቅ መስኮቶች እየተሰበሩ ዕቃ ተጋዘ። በዚያ ቀን ከወንጀል ሕጉ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ የዘረፋ ቅጣትም የትናንቱ ነበር።

ጉዳዩን ያነሣው፦
መርማሪው ያቀረቡት ምሳሌ የምለውን ከእኔ በላይ ገልጾታል። አሁን ለመምህሩ ልመልስ። የጣሊያኑን ጥናት እቀበላለሁ፤ አክብሬም አነበዋለሁ። ነገር ግን እነዚያ እስረኞች ከሌላው ሰው የሚለዩበትን ነገር ልብ ይበሉ። እያንዳንዳቸው ስንት ወር እንደሚጠብቃቸው በወር ቆጥረው ያውቁ ነበር፤ ጣት አሻራቸውና መዝገባቸው በፖሊስ እጅ ስለነበር እንደሚታወቁም ያውቃሉ። ቅጣት ሊገታ የቻለው ለአንድ የታወቀ ሰው፣ በታወቀ መጠን ስለ ተነገረው ነው። በሌሊት መስኮት የሚፈነቅለው ያ ወጣት ከዚህ አንዱንም አያውቅም። አሥሩን ዓመት ሃያ ብናደርገው ወሬው እርሱ ዘንድ አይደርስም።

በፊላደልፊያው ጥናት ላይ ያለኝ ተቃውሞ ይበረታል። ስድስቱ ከመቶ እነማን እንደሆኑ የታወቀው መዝገባቸው ከተዘጋ በኋላ ነው። አንድ ሰው «ደጋጋሚ» ተብሎ የረጅም ዘመን ቅጣት እንዲፈረድበት ብዙ ጊዜ መያዝ አለበት፤ እስከዚያ ድረስ ዕድሜው ይገፋል። ወንጀል ደግሞ የወጣትነት ነገር ነው፤ ቤልጅየማዊው አዶልፍ ኬትሌ በ1830ዎቹ ካስተዋለው ጊዜ ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች የሚታየው ሥዕል ተመሳሳይ ነው፤ በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ወደ ላይ ወጥቶ ከዚያ ይወርዳል። ስለዚህ ረጅሙ እስራት የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ከወንጀል ሊወጣ በደረሰ ሰው ላይ ነው። ካሊፎርኒያ በ1994 ያወጣችውን «ሦስተኛ ጥፋት» የተባለ ሕግ ያስታውሱ፤ ቀድሞ ሁለት ጊዜ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ሲያጠፋ ቅጣቱን እጅግ የሚያከብድ ነው። አንድ ቀድሞ የተፈረደበት ሰው ሦስት የጎልፍ ዱላ በሱሪው እግር ውስጥ ደብቆ ሲወጣ፣ እያነከሰ መሄዱን ያየ ሠራተኛ ለፖሊስ ደወለ። የእያንዳንዱ ዱላ ዋጋ 399 ዶላር ነበር። ሰውየው ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2003 በአምስት ለአራት ድምፅ አጸናው። አንድን ሰው ለሩብ መቶ ዘመን ለማቆየት የሚወጣው ገንዘብ የመርማሪዎችን ቁጥር ለመጨመር ቢውል ስንት መስኮት ይጠበቅ እንደነበር ሳስብ ይቆጨኛል።

የሟች እህት፦
እስካሁን የተባለውን ሁሉ በጥሞና አነበብሁ፤ ሁላችሁም ስለ ገዳዩና ስለ ሌባው ልብ ታወራላችሁ። እኔ ስለ ወንድሜ ልናገር። ወንድሜ የተገደለው ከሚያውቀው ሰው ጋር በተነሣ ጠብ በስለት ተወግቶ ነው። ሰባት ሰዎች አይተዋል። ቃላቸውን የሰጡት ሁለት ናቸው። ቀጠሮው እየተራዘመ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ችሎቱ ሲከፈት፣ የምስክሮች ወንበር ባዶ ነበር፤ እናቴ ያን ወንበር እያየች መቀነቷን ስትጠቀልልና ስትፈታ ዋለች። ተከሳሹ በማስረጃ እጦት ተለቀቀ። በሕጉ ላይ የተጻፈው ቅጣት ግን ዕድሜ ልክ እስራት ነበር።

ስለዚህ ጉዳዩን ያነሡት ሰው እርግጠኝነት ይቅደም ሲሉ እስማማለሁ፤ ማንም ከእኔ በላይ አያውቀውም። የማልስማማው ቅጣትን ሁሉ በመግታት ሚዛን ብቻ ሲለኩት ነው። ያ ሰው በንዴት ላይ ስለነበር ስለ ቅጣት አላሰበም፤ ምንም ዓይነት ሕግ አይገታውም ነበር። ታዲያ ስላልገታው ቅጣቱ ይቅለል? ለሞተው ሰው የሚገባው ነገር የለም?

ጉዳዩን ያነሣው፦
እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እህቴ። የጠየቁት ትክክል ነው፤ እኔም ሁለቱን ነገር ቀላቅዬ ነበር። ለአንድ ግድያ ምን ይገባል የሚለው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከሕይወት ዋጋ ይነሣል፤ ስለዚህ ለግድያ ከባድ ቅጣት መኖሩን አልቃወምም። የምቃወመው «አክብደነዋልና ነገ ግድያ ይቀንሳል» ብሎ ለሕዝብ ቃል መግባትን ነው። በሞት ቅጣት ላይ እንኳ፣ በ1975 የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አይዛክ ኤርሊክ አንድ የሞት ፍርድ ሲፈጸም ሰባት ወይም ስምንት ግድያ ይቀራል ብሎ ካሳተመ በኋላ አሥርት ዓመታት ተከራክረውበት፣ በ2012 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ኮሚቴ እነዚያ ጥናቶች ስለ ውጤቱ ወዲህም ወዲያም ለማለት አያበቁም ሲል ደምድሟል።

የሕግ መምህሩ፦
ስርቆትን ለእርስዎ ልተውና ወደ ሽብር ልሂድ። ሽብርተኛ አቅዶ፣ ገንዘብ መድቦ፣ ቦታ መርጦ የሚነሣ ነው። በንዴት የሚገድል አይደለም። እንግዲህ የሚያሰላ ሰው ካለ እርሱ ነው፤ መንግሥት በጠነከረበት መጠን ስሌቱ ይለወጣል። እዚህ ላይ ልልነት የብዙ ሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ጉዳዩን ያነሣው፦
ያሰላል፤ ልክ ነው። ግን የሚያሰላው ምንድን ነው? የአውሮፕላን ጠለፋን እንመልከት። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1961 ጠለፋን እስከ ሞት በሚያደርስ ቅጣት፣ ቢያንስ ደግሞ በ20 ዓመት እስራት ደነገገ። ሕጉ በሥራ ላይ እያለ ከ1968 እስከ 1972 ባለው ጊዜ ጠለፋ እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ። ያ ማዕበል የተገታው በጥር 1973 እያንዳንዱ ተሳፋሪና የእጅ ሻንጣው መፈተሽ ሲጀመር፣ በቀጣዩ ወርም ብዙዎቹ ጠላፊዎች ይሸሹባት ከነበረችው ኩባ ጋር ስምምነት ተደርጎ መሸሸጊያው ሲዘጋ ነው። ቅጣቱ ያው ነበር። የተለወጠው መሣሪያ ይዞ መግባት አለመቻሉና የሚያመልጡበት አገር መጥፋቱ ነው።

የጥንካሬ ሌላው ፊት ደግሞ ሰሜን አየርላንድ ነው፤ በብሪታንያ ሥር ያለች፣ ከዚያ አገዛዝ ለመላቀቅ የሚዋጉ ታጣቂዎች ለአሥርት ዓመታት ጥቃት ያደርሱባት የነበረች ምድር። ነሐሴ 9 ቀን 1971 ንጋት ላይ ወታደሮች በር እያንኳኩ፣ ያልተከፈተውን እየሰበሩ፣ 342 ሰዎችን ያለ ፍርድ ለማሰር ወሰዱ። የስም ዝርዝሩ አሮጌ ነበር፤ ከታሰሩት ብዙዎቹ በጥቃቱ እጃቸው የሌለበት ስለነበሩ ከመቶ በላይ የሚሆኑት በሁለት ቀን ውስጥ ተለቀቁ። ግን የተሰበረው በርና የተዋረደው አባት ከልጆች ዓይን አልጠፋም። ቀጣዩ ዓመት፣ 1972፣ ከ470 በላይ ሰዎች የተገደሉበት፣ በግጭቱ ዘመን ሁሉ ደም ከፈሰሰባቸው ዓመታት የከፋው ሆነ። ይህ ሁሉ ከእስራቱ ብቻ መጣ አልልም፤ በዚያ ዓመት ሌላም ብዙ ነገር ተደርቧል። ይሁንና የወንጀል ጥናት ምሁሩ ጋሪ ላፍሪና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ብሪታንያ ከወሰደቻቸው ስድስት ርምጃዎች ጥቃትን በግልጽ የቀነሰ ሆኖ ያገኙት አንዱን ብቻ ነው፤ ከቀሩት ውስጥ ጥቃቱን ያባባሱ ነበሩ።

እዚያ አንዱ ላይ መምህሩ እንዲያሸንፉኝ እፈቅዳለሁ። በሐምሌ 1972 መጨረሻ ሠራዊቱ በታጣቂዎች እጅ የነበሩትን ሰፈሮች በብዛት ገብቶ ያዘ፤ ይህ ጥንካሬ ነው፣ ውጤትም አስገኝቷል። ልዩነቱ ግን ያ ርምጃ በዋነኛነት ቦታ ያዘ፤ ያለ ፍርድ የተደረገው እስራት ግን ሰውን በስሙና በሰፈሩ ወነጀለ።

የሕግ መምህሩ፦
እንግዲህ ልዩነታችን ጠብቧል። ለቤት ሰባሪና ለሱቅ ሌባ ዓመት መደራረብ ገንዘብ ማባከን መሆኑን ተቀብያለሁ፤ የጎልፍ ዱላው ፍርድ ለእኔም አይዋጥልኝም። በስለት ወይም በጠመንጃ ዘርፎ ሰው ያቆሰለ ደጋጋሚ ላይ ግን አቋሜን አልለቅም። ዕድሜው ሠላሳ እስኪሞላ እንኳ ተለይቶ ቢቆይ የሚድን ተበዳይ አለ፤ እርስዎ የጠቀሱት የዕድሜ ሥዕልም ይህን ይደግፈዋል እንጂ አያፈርሰውም።

ጡረታ የወጣው መርማሪ፦
በዚህ ላይ ከመምህሩ ጋር ነኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያንን ደጋጋሚ ለመለየት የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል። የእህታችን ወንድም ጉዳይ የወደቀው የሕጉ ዓመት አንሶ አይደለም፤ አምስቱ ሰዎች ቃል ያልሰጡት፣ ሁለቱም የቀሩት ተከሳሹና ዘመዶቹ በሰፈሩ እየተመላለሱ የሚጠብቃቸው ስላልነበረ ይመስለኛል። እኔ በሠራሁበት ዘመን ምስክርን ከቤቱ ወስዶ እስከ ችሎት የሚያደርስ አንድም መኪና አልነበረንም፤ ባልደረቦቼ በእግራቸው ይሸኙ ነበር።

የሟች እህት፦
ከሁለቱ ምስክሮች አንዷ ችሎቱ ከተዘጋ በኋላ ቤታችን መጥታ ነበር። በዚያ ቀን ጠዋት ልብሷን ለብሳ በሩ ድረስ ወጥታ እንደነበር፣ ከበሩ ማዶ ሁለት ሰዎች ቆመው ስታይ እንደተመለሰች ነገረችን። እናቴ ቡና አፍልታ አጠጣቻት፤ አልተቆጣቻትም።