ባዶ ቀለህ ቤት ውስጥ መሙላት ያዋጣል?

የቃሉ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ኮምቦልቻ ነኝ። አባቴ ቃሉ ገጠሩ ውስጥ ማሽላ ያርሳል። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮ መቀመጫ መቆሚያ ያሳጡታል። ፈቃድ ያላት አሮጌ ሲሞኖፍ ጠመንጃ አለችው። ማማው ላይ ሆኖ አንድ ሁለት ወደ ሰማይ ሲለቅ ይበተናሉ። ችግሩ የጥይቱ ዋጋ ነው፣ ዘንድሮ ጭራሽ አልቀመስ ብሏል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቪዲዮ አየሁ። አንድ ፈረንጅ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ የተተኮሰ ቀለህ መልሶ ይሞላል፣ ከሱቅ ከሚገዛው በጣም ይረክስልኛል ይላል። እኛ ቤት ደግሞ አባቴ ያጠራቀመው አንድ ጣሳ ሙሉ ቀለህ አለ። አያቶቻችን ባሩድ ራሳቸው ይቀምሙ ነበር ሲባል ነው ያደግኩት። ጓደኛዬ ቶርኖ ቤት ስለሚሠራ የመሙያውን ዕቃ ማውጣት አያቅተውም ብዬ አሰብኩ። የምታውቁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ሽማግሌው ለጥይት ብሎ በግ ሲሸጥ ሳይ አንጀቴን ይበላኛል።

የሆጤ ልጅ ኮሎራዶ

ወንድሜ፣ ደሴ ሆጤ ነው ያደግኩት፣ አሁን ኮሎራዶ ነኝ። እኔ ራሴ እሞላለሁ፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

አንድ ጥይት አራት ነገር ናት። ቀለሁ፣ ባሩዱ፣ ወጥቶ የሚሄደው አረር፣ እና ከቀለሁ ቂጥ መሀል ያለችው ትንሽ ክብ፣ መርፌው ሲመታት እሳት የምትተፋው። እዚህ ፕራይመር ይሏታል። ከአራቱ ብዙ ጊዜ ውዱ ቀለሁ ነው። ናስ ከሆነ ደጋግመህ ትጠቀምበታለህ፣ ቁጠባው እዚያ ጋ ነው። ሌሎቹን ሦስቱን ግን ሁልጊዜ ትገዛለህ። እዚህ ሱቅ ገብተህ እንደ ስኳር ታነሳቸዋለህ። ኮምቦልቻ ከየት ታመጣለህ? ፕራይመር በቶርኖ አይወጣም።

መጭመቂያው፣ ቅርጽ መመለሻው፣ ሚዛኑ ተደምሮ ብዙ መቶ ዶላር ነው። ያንን ለመመለስ በሺህ የሚቆጠር ጥይት መተኮስ አለብህ። እኔ 223 የሚባለውን የጠመንጃ ጥይት ነው የምሞላው፣ በየሳምንቱ ወረቀት ላይ ስለምተኩስ ያዋጣኛል። አባትህ በዓመት ስንት ይተኩሳል? 22 የምትባለዋን ትንሿን ጥይት ደግሞ እዚህም የሚሞላት የለም ማለት ይቻላል። እሳት የሚፈጥረው ቅመም የቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ተቀብሮ ስለሆነ አንዴ ከተመታች አለቀላት።

አሁን ተነስና ሁለት ነገር አድርግልኝ። ከጣሳው አንድ ቀለህ አውጣና ማግኔት አስጠጋ። ከያዘው ብረት ነው፣ ናስ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ የስልክህን መብራት አብራና በአፉ በኩል ወደ ታች እየው። መሀል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለው የሚሞላው ዓይነት ነው። ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ካለው ግን ተወው፣ አሮጌዋን ፕራይመር ማውጣቱ ብቻ ያሰለችሃል። አንዱን ቀዳዳ ያወጣው ቦክሰር የሚባል እንግሊዛዊ፣ ሁለቱን ያወጣው በርዳን የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ ሁለቱም በፈረንጆቹ 1860ዎቹ። አሜሪካ የእንግሊዙን ወሰደች፣ አውሮፓና ሩሲያ የአሜሪካዊውን። ሁሌ ይገርመኛል።

ቶርኖ ቤት

እኔ እዚሁ ኮምቦልቻ ቶርኖ ላይ ነው የምሠራው። ጓደኛህን በአላህ እንዳትጠይቀው። ምን ውስጥ እንደምታስገባው ልንገርህ።

ጎሚስታ ቤት የሚኒባስ ጎማ ስታስነፋ 40 ምናምን ላይ ያቆምልሃል አይደል። የሲሞኖፍ ጥይት ውስጥ ባሩዱ ሲነድ በዚያው መለኪያ ወደ 45,000 ይደርሳል። ያ ሁሉ ግፊት ከአባትህ ጉንጭ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። ባሩድ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። የሽጉጥ ባሩድ ቶሎ ይነዳል፣ የጠመንጃው ዝግ ይላል። በዓይን አይለዩም። የሽጉጡን በጠመንጃው ቦታ ከጨመርክ ጠመንጃው እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ከሌላ ጥይት ገልብጬ እሞላለሁ ካልክም ያው ነው፣ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚነግርህ የለም።

እኔን ያገኘኝን ልንገርህ። በ2014 ጦርነቱ እዚህ ከደረሰ በኋላ ሜዳው ሁሉ ቀለህ ነበር። ልጆች እየለቀሙ ለቁራሌው ይሸጡ ነበር። እኔም ናስ የሆነውን ትንሽ ገዝቼ ላቀልጥ እሳት ላይ አደረግኩት። ካልተተኮሱት አንዷ ገብታ ኖሮ ጧ አለች። ባሩድ እንኳ አልነበራትም፣ ያቺ ቂጧ ላይ ያለችው ብቻ ናት። ስባሪዋ አውራ ጣቴ ውስጥ ገብታ ተቀዶ ነው የወጣችው። እስከ ዛሬ ሲበርድ ይሰማኛል።

ሕጉንም እወቀው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት ወንጀል ነው። አባትህ በሕግ የያዛትን መሣሪያ በዚህ እንዳያጣት።

የቃሉ ልጅ

ኧረ አላህ ይስጥልኝ። ማግኔቱን ከአሮጌ ስፒከር ፈትቼ አስጠጋሁት። ቀለሁ ራሱ ዘሎ ነው የተጣበቀው። በመብራት ሳየው ደግሞ ታች ጥግ ለጥግ ሁለት ቀዳዳ፣ በመርፌ የተወጋ ነው የሚመስለው። ሌላ አሥር ያህል አየሁ፣ ሁሉም አንድ ነው። የአያቶቻችን ነገር ግን አልገባኝም፣ እነሱ እንዴት ሠሩት?

ጋሼ ጦሳ ሥር

ልጄ፣ የአያቶችህ ወሬ ውሸት አይደለም። ግን ባሩዱ ሌላ ነው። በእነሱ ዘመን ከድኝ፣ ከከሰልና ጨው ባሩድ ከሚባለው ማዕድን የሚቀመም ጥቁር ባሩድ ነበር። የያኔዋ ጠመንጃ ውጅግራ በፈረንጆቹ የ1874 የፈረንሳይ ሥሪት ናት፣ ጥቁር ባሩድ የምትበላ። ያ ባሩድ ጭሱ ቢያፍንም ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥቂት ስሕተት ይችላል። ለበን ከሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ወዲህ፣ በፈረንጆቹ ከ1886 ማለት ነው፣ ጭስ አልባው መጣ፣ እሱ ስሕተት አይምርም። ሲሞኖፍ የተሠራችው ለእሱ ነው። ጥይትማ በምኒልክ ዘመን ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፣ ዋጋው ያኔም አይናቅም።

መቆጠብ ከፈለግክ ያለውን ጠብቅለት። ጥይቱ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ክዳኑ ግጥም ያለ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ። እኛ ደሴ ጉሙ ቤት ድረስ ስለሚገባ በዚህ ብዙ ጥይት አበላሽተናል። ዘይት አትቀባው፣ ዘይት ሰርጎ ያቺን ቂጧ ላይ ያለችውን ትንሿን ፕራይመር ያከሽፋታል። የድሮዎቹ የምሥራቅ ጥይቶች ደግሞ ከተተኮሱ በኋላ አፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋሉ፣ ጨው እርጥበት ስቦ ያዝገዋል። አባትህ በተኮሰ ማግስት ሳይሆን በዚያው ቀን አፈሙዙን በሙቅ ውሃ ያጥበው፣ ያድርቀው፣ ከዚያ ዘይት። ብዙ ሰው በዘይት ብቻ ወልውሎ ያስቀምጣል። ጨው በዘይት አይወጣም።

ደግሞም ለዝንጀሮ ጥይት ምን አስፈለገ? ወደ ሰማይ የተለቀቀ የሆነ ቦታ ይወርዳል፣ ታች የሰው ልጅ አለ። ደህና ጅራፍ የጥይት ያህል ይጮሃል። እኛ ስንጠብቅ ጅራፍና ወንጭፍ ነበር፣ ማማው ላይም በተራ ነው የምንወጣው። ዝንጀሮ ብልጥ ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲሆን ያውቅበታል።

የቃሉ ልጅ

ጋሼ፣ ትላንት ለአባቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሙቅ ውሃውን አልሰማሁም ነበር አለ፣ ሁሌ ዘይት ብቻ ነው የሚያደርገው። ቅዳሜ ወርጄ አብረን እናጥባታለን። ጅራፉን ደግሞ ሰኞ ገበያ ደሴ ወጥቼ እገዛለሁ፣ የቆዳውን። ትንሹ ወንድሜ ከአሁኑ ማማው ላይ እኔ ነኝ የምወጣው እያለ ነው።