የላቭክራፍት ፊት ከሽልማቱ መነሳት ነበረበት?

ጠያቂው፦ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለምናባዊ ድርሰት የሚሰጠውን የዓለም ፋንታሲ ሽልማት ያሸነፈ ሰው ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄደው የአሜሪካዊውን የአስፈሪ ታሪክ ጸሐፊ የኤች. ፒ. ላቭክራፍትን ጭንቅላት ቅርጽ ነበር። ካርቱኒስቱ ጋሃን ዊልሰን ነው ፊቱን አርዝሞ የቀረጸው። በ2015 በቃ ተባለ። ሰበቡ የሰውየው ዘረኝነት ነው። ልክ ነበር ትላላችሁ?

የሌሊት አንባቢ፦ በፍጹም! ሰውየው በ1937 በአንጀት ካንሰር ሲሞት ገና 46 ዓመቱ ነበር። በሕይወት እያለ አንድም ትልቅ አሳታሚ መጽሐፉን አላሳተመለትም። ዊርድ ቴልስ በሚባል ርካሽ መጽሔት ላይ ሲጽፍ ኖረ። ሰው ለዚህ ጽንፈ ዓለም ከምንም እንደማይቆጠር እያሳየ ያስፈራራን ግን እሱ ነው። እሱ የፈጠረውን ጭራቅ፣ ክቱሉን፣ የማያውቅ የአስፈሪ ታሪክ ጸሐፊ አለ እንዴ?

ቀይ እስክሪብቶ፦ አታንብቡት ያለ ማን ነው? ላይብረሪ ኦፍ አሜሪካ የተባለው አሳታሚ እንኳ በ2005 ከአገሪቱ አንጋፋዎች ተርታ አሳትሞታል። ነገሩ ወዲህ ነው። ወላጆቿ ከናይጄሪያ የሆኑት ደራሲ ንኔዲ ኦኮራፎር ሽልማቱን በ2011 አሸነፈች። ላቭክራፍት በ1912 የጻፈውን ግጥም ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቁርን በአውሬና በሰው መካከል ያለ ፍጡር የሚያደርግ ግጥም። እንግዲህ የዚያ ሰው ጭንቅላት ቤቷ ተቀምጧል። በምን አንጀቷ ትየው?

የሌሊት አንባቢ፦ ዘመኑ ነዋ!

ቀይ እስክሪብቶ፦ ዘመኑን ተወው። ሚስቱ ሶንያ ግሪን አይሁዳዊት ነበረች። አይሁዶችን ሲያንቋሽሽ እሷም አይሁዳዊት መሆኗን ታስታውሰው ነበር። አጠገቡ የምትነግረው ሰው ነበረች፣ አልሰማም እንጂ።

ባለ ፋኖሱ፦ ሁለታችሁም ዘረኝነቱን ከድርሰቱ ነጥላችሁ ነው የምታወሩት። እኔ አይነጠልም ባይ ነኝ። አባቱም እናቱም የሞቱት ፕሮቪደንስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ በአንድ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነው። ደም ይበላሻል፣ ዘር ይወረሳል የሚለው ፍርሃት ከቤቱ ይጀምራል። ኢንስማውዝ ስለምትባል ከተማ የጻፈውን ታሪክ አንብቡት። ተራኪው ከእነዚያ ዓሣ መሳይ ፍጡራን ሸሽቶ ያመልጣል። ቆይቶ ሲያጣራ የገዛ ቅድመ አያቱ ከእነሱ ወገን ናት፤ መልኩም በመስታወት ውስጥ መለወጥ ጀምሯል። እውነት ለመናገር ድንቅ አጻጻፍ ነው። ግን እኮ የሚያስፈራን በ«የተቀላቀለ ደም» ነው።

የሌሊት አንባቢ፦ ታዲያ ኤስ. ቲ. ጆሺስ? የሕንድ ተወላጅ ነው፣ ላቭክራፍትን እሱን ያህል ያጠና የለም። ውሳኔውን ተቃውሞ ሽልማቶቹን መለሰ።

ባለ ፋኖሱ፦ መብቱ ነው። ጥቁሩ ደራሲ ቪክተር ላቫል ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። ላቭክራፍት ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ሳለ ሬድ ሁክ በሚባል ሰፈር ያሉ ስደተኞችን ያጥላላበትን ታሪክ ወስዶ፣ በ2016 በአንድ ጥቁር ሰው ዓይን እንደገና ጻፈው። መጽሐፉንም ለራሱ ለላቭክራፍት፣ ከነተምታታ ስሜቱ አበረከተለት።

የሌሊት አንባቢ፦ እሺ፣ አሁን በጭንቅላቱ ምትክ የሚሰጡት የዛፍና የሙሉ ጨረቃ ቅርጽ ምኑ ያስፈራል?

ቀይ እስክሪብቶ፦ ማስፈራት አለበት ያለህ ማን ነው? ሽልማቱ እኮ የፋንታሲ ነው። ድሮውንስ የአንድ አስፈሪ ጸሐፊ ፊት ለሁሉም እንዲሆን ማን ወሰነ?